ቮልስ ትንፋሽ ትፈልጋለች

የፍጥነት መቁጠሪያዋ መርፌ መንቀጥቀጥ የጀመረችው ከባሕር ዳር ወጥቼ፣ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዳሁ በኋላ ነው። ስልሳ ላይ ቆማ የነበረችው መርፌ ወደ አርባ ወረደች፤ ተመልሳ ሰባን ነካች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ዜሮ ላይ ተኛች። መኪናዋ ግን መሄዷን አልተወችም። እኔም ገመዱ ተበጥሶ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ጥር 2010 ዓ.ም. ነበር፤ ቀኑ ሐሙስ፤ እሁድ ደብረ ታቦር ላይ የአጎቴ ልጅ ሰርግ አለ፤ ሙሽራዋ የምትወጣው በእኔ መኪና ነው ተብሎ ከተነገረ ሁለት ወር ሆኖታል። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ስለ መርፌ አያስብም። ማሰብ ነበረብኝ።

ሐሙሲት መግቢያ ላይ ሽታው መጣ። የተቃጠለ ግራሶ ሽታ አንዴ የሸተተው ሰው አይረሳውም፤ የተቃጠለ ዘይትም ፍሬንም አይመስልም፤ ስጋ ምጣድ ላይ ተረስቶ ሲያር ዓይነት ነው። መሪው ወደ ግራ መጎተት ጀመረ። ጥጌን ይዤ ቆምኩና ወርጄ እጄን ወደ ግራ የፊት ጎማ አስጠጋሁ። መንካት አላስፈለገም፤ ከአንድ ስንዝር ርቀት ላይ ሙቀቱ መዳፌን ገፋው። ከሞዞው፣ ማለትም ከጎማው እምብርት፣ ክዳን ዙሪያ ጥቁር ፈሳሽ ወርዶ ቸርኬውን አበላሽቶታል፤ ቀጭን ጭስም ይወጣል።

ስለ መኪናዋ ልናገር። ከውጭ ላያት እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ የጀርመን ስፖርት መኪኖች አንዷን ትመስላለች፤ ጣሪያ የላትም፣ መስታወቷ አጭር ነው፣ ጀርባዋ እንደ ዓሣ ጀርባ ተለጥጦ ይወርዳል። ከታች ግን ቮልስ ናት። እኔና አብሮ አደጌ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ዝገት የበላትን ቮልስ ገዝተን፣ ሻንሲዋን ወደ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ገደማ ቆርጠን አሳጥረን አስበየድን፤ ከላይ ያለውን አካል በፋይበር ሠራን። ሦስት ዓመት ፈጀብን። ቁጥሩን ከራሳችን አላመጣነውም፤ የቮልስ የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት 2 ሜትር ከ40 ነው፤ የፖርሽ 356 ደግሞ 2 ሜትር ከ10። በዓለም ዙሪያ የ356ን አምሳያ የሚሠሩ ሰዎች ከቮልስ ሻንሲ ላይ የሚቆርጡት ያንኑ ልዩነት ነው።

ይህ ሥራ ለእኔ ከጌጥ በላይ ነው። ቮልስን የቀየሰው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ልጁ ፌሪ ፖርሽ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1948 ኦስትሪያ ውስጥ የመጀመሪያዋን በስማቸው የምትጠራ ስፖርት መኪና ሲያወጣ የተጠቀመው የአባቱን ቮልስ ክፍሎች ነበር። ስለዚህ በቮልስ ሻንሲ ላይ የ356 አምሳያ ማቆም፣ የልጅ ልጅን ወደ አያት ቤት እንደ መመለስ ነው። ደግሞም እኛ አገር ቮልስ የአንድ ትውልድ የቤተሰብ አባል ናት፤ የመምህሩ፣ የሐኪሙ፣ የመሥሪያ ቤት ሹሙ መኪና ነበረች። የመጨረሻዋ ቮልስ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ 21,529,464ኛ ሆና ከወጣች ወዲህ ፋብሪካው ሌላ አልሠራም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት ድምፅዋ ይሰማል። ያንን ድምፅ እወደዋለሁ። ቮልሶቻችን በሕይወት ያሉት የሚያውቅ እጅ ስላለ ነው፤ ይህን የምጽፈውም ስለዚያ እጅ ነው።

ወደ ጎማው ልመለስ። ነገሩ የተበላሸው ከአንድ ቀን በፊት ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቼ የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስሻገር፣ ቁልቁለቱ ላይ ከግራ የፊት ጎማ ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ ሰማሁ። ባሕር ዳር እንደ ደረስኩ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ወጣቱ መካኒክ መኪናዋን በክሪክ አነሳ፤ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ነቀነቀው፤ ትንሽ ክፍተት አለው አለኝ። እኔም «በደንብ አጥብቅልኝ፤ መንገዴ ረጅም ነው» አልኩት። ቃሌ ይህ ነበር። እሱም በሙሉ ልቡ አጠበቀልኝ፤ ሁለቱንም የፊት ጎማ። አስተናገደኝ፣ ገንዘቡን ቀንሶ ተቀበለኝ፣ መልካም መንገድ ብሎ ሸኘኝ። ስሕተቱ የእሱ ብቻ አልነበረም። እኔ ማጥበቅን ከደህንነት ጋር አንድ አድርጌ ነበር የማየው፤ የጠበቀ ነገር አይወልቅም፣ ያልወለቀ ነገር ያደርሳል።

ሐሙሲት ላይ ስቆም ገበያዋ ሞቋል። ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ የወሰደች ከተማ ናት፤ የደራ ወረዳ ገበሬ እህሉን፣ ሽንኩርቱን፣ ፍየሉን ይዞ ከየአቅጣጫው ይወርዳል። ጣሪያ የሌላት ቀይ መኪና ጭስ እያወጣች መንገድ ዳር ስትቆም ገበያው ወደ እኔ ዞረ። ልጆች ከበቡኝ። አንዱ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ውሃ ይዞ እየሮጠ መጣ፤ ሊያፈስባት ሲል ከኋላ አንድ ድምፅ «ተው! ውሃ እንዳታስነካት!» አለ። ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ ሽማግሌ ናቸው። የጋለ ብረት በድንገት ውሃ ሲነካው ሊሰነጠቅ እንደሚችል እንደ ተራ ነገር ነገሩን። ወጣቶቹ «አያ» ይሏቸዋል፤ እኔም አያ አልኳቸው።

ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብለው የመኪናዋን ጀርባ አዩ። ሞተሩን ገና አላጠፋሁትም ነበር። ጆሯቸውን ሰጡና «ይቺ ቮልስ ናት» አሉ። አካሏ የደበቀውን ሁሉ ድምፅዋ አጋለጠላቸው፤ በአየር የሚበርድ፣ አራት ፒስተኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተቃርኖ የተኙበት ሞተር ከሌላ ጋር አይምታታም።

አያ ገበያ ላይ ጉዳይ ነበራቸውና «ይብረድላት፤ እመለሳለሁ» ብለው ሄዱ። መጠበቅ ነበረብኝ። ግን ከጎሚስታው ሱቅ አንድ ጎበዝ ልጅ ኪያቬ ይዞ መጣና «ጋሼ፣ እኔ እፈታልሃለሁ» አለኝ፤ እኔም ቸኩዬ እሺ አልኩት። ጎማውን አወለቀ፤ የሞዞውን ክዳን በመዶሻ እያንኳኳ አወጣው። በክዳኑ መሐል የምታልፈዋ የፍጥነት መቁጠሪያ ገመድ ጫፍ ተቆርጣ ክዳኑ ውስጥ ቀርታለች። የመርፌዋ ነገር ያኔ ገባኝ። ቮልስ ላይ የመቁጠሪያው ገመድ የሚነሳው ከግራ የፊት ጎማ ነው፤ በጎማው አክስ ውስጥ ለውስጥ አልፎ አራት ማዕዘን ጫፉ ክዳኑ ላይ ይሰካል፤ ጎማው ሲዞር ክዳኑ ገመዱን ያዞረዋል። መርፌዋ ስትንቀጠቀጥ ጎማው ውስጥ ያለውን ችግር እየነገረችኝ ነበር። ኪሎ ሜትሮችን ሙሉ ነገረችኝ።

ልጁ የዳዶውን ማሰሪያ አላላና ዳዶውን ወደ ግራ ገፋው። አልሄደም። ቧንቧ አስረዘመበትና በሁለት እጁ ተጫነው። ትንሽ ሄደ፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ሌላ ሰው ጨመርን። በዚህ መሐል አያ ተመልሰው መጡ፤ ሁኔታውን አይተው «እያጠበቃችሁት ነው» አሉን።

የቮልስ የግራ የፊት ጎማ ዳዶ ጥርሱ ግልብጥ ነው። ለመፍታት ወደ ቀኝ፣ ለማጥበቅ ወደ ግራ ይዞራል። ምክንያቱም አለው፤ የግራ ጎማ ወደ ፊት ሲሄድ ከውጭ ለሚያየው የሚዞረው ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ነው፤ ዳዶው እንደ ሌሎቹ ቢሆን ኖሮ ጎማው እየጎተተ ሊፈታው ይችል ነበር። ይህን አዲስ አበባ ሳለሁ ራሴ በእጄ ሠርቼበታለሁ፤ አውቀዋለሁ። በችኮላ ውስጥ ግን እውቀት እንዲህ ነው የሚጠፋው። አያ ኪያቬውን ተቀብለው ወደ ቀኝ ገፉት፤ ጮኸና ለቀቀ።

ታምቡሩ ሲወጣ የውስጠኛው ኩሽኔታ አብሮ አልመጣም። ቀለበቱ አክሱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ሮለሮቹ ሰማያዊና ቡናማ ሆነዋል። ብረት እንዲያ መልኩን የሚለውጠው ከልክ በላይ ሲግል ነው፤ ጥንካሬውም ያኔ አብሮት ይሄዳል። ግራሶው ከስሎ እንደ ጥላሸት ሆኗል፤ የቀለጠው ደግሞ ግራሶ እንዳይወጣ በሚከለክለው ፓራኦሊዮ አልፎ የፍሬን ሸራው ላይ ፈስሷል። መሪው ወደ ግራ የተጎተተው ኩሽኔታው ጎማውን ስለያዘው ነበር። ሌላ አምስት ኪሎ ሜትር ሄጄ ቢሆን ጎማው እንዳለ ቆልፎ ይይዘኝ ነበር፤ ያውም የጉማራ ወንዝ ድልድይ ከፊት ለፊቴ እያለ። እስከ ዛሬ ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

የቮልስ የፊት ኩሽኔታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ያለው፣ ሾጣጣ ሮለር ነው። ይህን ዓይነት ኩሽኔታ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1898 የባለቤትነት መብት አውጥቶ ያስመዘገበው ሄንሪ ቲምከን የሚባል የሠረገላ ሠሪ ነበር። ብልሃቱ ሮለሩን ሾጣጣ ማድረጉ ነው፤ ጎማ ከላይ የሚመጣበትን ክብደት ብቻ አይሸከምም፤ መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን የሚገፋውም ኃይል አለ፤ ሾጣጣው ሁለቱንም ይችላል። ሁለቱ ኩሽኔታዎች ፊት ለፊት ተያይተው ይገባሉ፤ ዳዶው ሲጠብቅ እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ስለዚህ በዚህ ኩሽኔታ ላይ ሁሉ ነገር በዳዶው እጅ ነው። ላላ ከተባለ ጎማው ይዋዥቃል፤ ጠበቅ ከተባለ ሮለሮቹ ግራሶውን ከመሐላቸው ጨምቀው ያስወጡና ብረት ብረትን ይፈጫል፤ መፈጨቱ ሙቀት ይወልዳል፤ ሙቀቱ ብረቱን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠው ብረት ይባስ ያጠብቀዋል። አዙሪት ነው። ከባሕር ዳር እስከ ሐሙሲት ያለው ሠላሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ለዚያ አዙሪት በቂ ነበር።

የባሕር ዳሩ ወጣት ለምን እንደዚያ እንዳጠበቀው በኋላ ነው የተረዳሁት፤ ልወቅሰውም አልችልም። ግቢው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ፒክአፕና ላንድክሩዘር ነበሩ። በእነዚያ በብዙዎቹ የፊት ሞዞ ላይ ኩሽኔታው እንዲያውም ትንሽ ተጨንቆ እንዲሠራ ነው የሚፈለገው፤ መካኒኮች ፕሪሎድ ይሉታል፣ በአማርኛ ቅድመ ጫና ብንለው ያስኬዳል። መጠኑ ሳይቀር ይለካል፤ የምንጭ ሚዛን የጎማው ቡሎን ላይ ይሰካና ሞዞው መዞር እስኪጀምር ይጎተታል፤ ሚዛኑ የሚያሳየው ኃይል ከተወሰነ በታችም ከተወሰነ በላይም መሆን የለበትም። የቮልስ መጽሐፍ ግን የሚለው ሌላ ነው። ጫና ሳይሆን ክፍተት፤ ከ0.03 እስከ 0.12 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንቀሳቀሻ። የአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው። ኩሽኔታው ያው ሾጣጣ፣ ዳዶው ያው ዳዶ፤ ሕጉ ግን ለየቅል ነው። እጁ ቶዮታ የለመደ ሰው ቮልስን በቶዮታ ሕግ ቢያጠብቅ ያቃጥላታል። ባሕር ዳር ጋራዥ ውስጥ የተገኘው «ክፍተት» ምናልባት ልኩ ላይ የነበረ ክፍተት ነው፤ መንኳኳቱ ከሌላ ቦታ ነበር፤ ደብረ ታቦር ስደርስ የላላ የመሪ ጫፍ አገኘሁ።

አያ ይህን ሁሉ በቁጥር አልነገሩኝም። «ቮልስ ትንፋሽ ትፈልጋለች» አሉኝ፤ አለቀ። በወጣትነታቸው በጎንደር መስመር የኤንትሬ የጭነት መኪና ረዳት ነበሩ፤ በኋላ ጎንደር ከተማ ጋራዥ ሠርተዋል፤ የአንድ ሐኪም ቮልስ ለዓመታት በእጃቸው ነበረች። ትንፋሽ የሚለውን ቃል ከማን እንደ ተማሩት ስጠይቃቸው «ከራሷ» አሉኝ። ወዲያው ደግሞ ወደ ቀኝ ጎማ ሄደው እጃቸውን ሞዞው ላይ አኖሩና «ይቺም ታማለች፤ ግን ደርሰንባታል» አሉ። እውነትም ሞቃለች፤ ሆኖም አልተቃጠለችም። ወዲያው አላሏት።

የኩሽኔታ ጉዳይ ቁጥር ነው። ፊቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ከገጠመ የየትኛውም መኪና ቢሆን ይገባል፤ ሐሙሲት ውስጥ ግን አልተገኘም። ቁጥሩን በባትሪ ብርሃን አንብበን አዲስ አበባ ላለው አብሮ አደጌ ደወልኩ። እሱም የዚያኑ ዕለት ከሰዓት መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዶ የውስጡንም የውጭኛውንም ኩሽኔታ ከነቀለበታቸው፣ ከፓራኦሊዮ ጋር ገዛና ዓርብ ንጋት በሚወጣ አውቶቡስ ላከልኝ። እንግዲህ እንዲህ ነው የእኛ አገር የመለዋወጫ መረብ፤ አንድ ስልክ፣ አንድ ታማኝ ሹፌር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ዕቃ። እኔ ዓርብ ከሰዓት በዶልፊን ሚኒባስ ተመልሼ ባሕር ዳር መናኸሪያ ሄድኩና ተቀበልኩት።

ሐሙስ ማታ ያደርኩት አያ ቤት ነው። አልጋ ቤት ልፈልግ ብል አልሰሙኝም። ባለቤታቸው «ልጄ፣ መኪናህ ደጃችን ታምማ አንተ ሌላ ቤት ታድራለህ?» አሉኝ። ቡናው እስከ በረካ ተጠጣ። የማታው ወሬ ከመኪና ወደ ሰርግ፣ ከሰርግ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት ሄደ፤ በዚህ አገር ስለ ጎማ ተወርቶ ጋፋት ሳይነሳ አይታደርም።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችንና የአገሩን አንጥረኞች ሰብስበው መድፍ ያስቀለጡባት ቦታ ናት። ቫልድማየርን የመሰሉ ሰዎች ለወንጌል መጥተው ብረት ሲያቀልጡ የኖሩት እዚያ ነው። ትልቁ መድፍ፣ ሴባስቶፖል፣ ሰባት ቶን ይጠጋል። ንጉሠ ነገሥቱ በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አስነስተው፣ በሠረገላ አስጭነው፣ መንገድ እየጠረጉና ድንጋይ እየፈነቀሉ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል አውርደውና አውጥተው፣ በመጋቢት መቅደላ አደረሱት። ስድስት ወር ገደማ። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ መድፉ ነው፤ አያ ግን ያን ማታ የጠየቁት «ጎማውስ?» ብለው ነው። ሰባት ቶን ናስ ተሸክሞ በሽሎን የወረደውን ጎማ ማን ሠራው? አክሱን ማን አለካካው? ቢጠብቅ ሊጎተት አይችልም፤ ቢላላ ቁልቁለቱ ላይ ወልቆ ሰው ይፈጃል። በየቀኑ ያን ጎማ የሚያይ፣ የሚነካ፣ የሚያላላና የሚያጠብቅ አንድ ሰው ነበረ ማለት ነው። አያ ስለዚያ ሰው ሲያወሩ ስለ ሥራ ባልደረባቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር።

አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ሴባስቶፖል አምሳያ ነው፤ ዋናው ዛሬም መቅደላ አፋፍ ላይ ነው። የአደባባዩን አምሳያ በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ ከዚያን ማታ ወዲህ ግን ሐሳቤ የሚያርፈው መድፉ ላይ ሳይሆን እንዴት ተጓጓዘ በሚለው ላይ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ሥራ ጀመርን። አክሱ ላይ የተጣበቀውን ቀለበት አያ በፍልጥ ብረት ቀስ እያሉ መቱና አስለቀቁት፤ አክሱ ጠቁሯል እንጂ አልተቧጨረም፤ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግነው። አሮጌዎቹን ቀለበቶች ከታምቡሩ አንኳኩተን አወጣን፤ አዲስ ሮለር በአሮጌ ቀለበት ማስኬድ ገንዘብ መጣል ነው። የፍሬን ሸራውን በቤንዚን አጠብነው፣ ፈገፈግነው። ከዚያ ግራሶ። ያ የጎሚስታው ልጅ ግራሶውን በጣቱ ላይ ላዩን ሊቀባ ሲል አያ እጁን ያዙት። በግራ መዳፋቸው እፍኝ ግራሶ አኖሩ፤ የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን ወደ ታች አድርገው መዳፋቸው ላይ እየገፉ፣ እየገፉ፣ ግራሶው በሮለሮቹ መሐል ገብቶ በሌላው በኩል እስኪወጣ ድረስ ሞሉት። እያንዳንዱን ሮለር። ለአንዱ ኩሽኔታ አምስት ደቂቃ። ልጁ ሁለተኛውን ራሱ ሞላ፤ አያ አገላብጠው አዩና መለሱለት፤ እንደገና ሞላ።

ቀጥሎ ዋናው። አያ ታምቡሩን በግራ እጃቸው እያሽከረከሩ በቀኛቸው ዳዶውን አጠበቁ፤ ታምቡሩ መክበድ እስኪጀምር። ይህ ሮለሮቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው፤ ቆሞ የጠበቀ ኩሽኔታ ያታልላል። ከዚያ ዳዶውን መልሰው አላሉ። ከዳዶው ኋላ ያለችውን ሮንዴላ በካቻቢቴ ጫፍ ነካ አደረጓት። አልተንቀሳቀሰችም። ዳዶውን በጥቂቱ ገፉ፤ እንደገና ነኩ። ሦስተኛው ላይ ሮንዴላዋ ያለ ጉልበት ሸርተት አለች። «ይኸው» አሉ። ካቻቢቴውን እንደ መፈንቀያ መጠቀም አይቻልም፤ በጣት ኃይል ብቻ ነው። ከዚያ የዳዶውን ማሰሪያ አጠበቁና እንደገና ነኩ፤ ማሰሪያው ሲጠብቅ ዳዶው ትንሽ ይንቀሳቀሳልና ትንፋሹን ሊሰርቅ ይችላል። አልሰረቀም። ቀኙንም እንዲሁ አደረጉ።

ካቻቢቴውን ለእኔ ሰጡኝና «ንካት» አሉኝ። ነካሁ። ሚሊ ሜትሩ በመጽሐፍ ሲነበብ ቁጥር ነው፤ ጣት ላይ ሲመጣ ግን ቅቤ ላይ የተቀመጠ ሳንቲም ሲንሸራተት ይመስላል። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም። ልጁም ነካ።

ገንዘብ ስሰጣቸው አልተቀበሉም። ሸማ እልካለሁ ብዬ ወጣሁ፤ ልኬያለሁም።

ከሐሙሲት እስከ ደብረ ታቦር ሰባት ጊዜ ቆምኩ። ጉማራ ድልድይ ጋ ቆሜ ሁለቱንም ሞዞ በእጄ ዳሰስኩ፤ ለብ ብለዋል እንጂ አይፈጁም። የፎገራ ሜዳ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፤ ሩዙ ታጭዶ ገለባው ተከምሯል፤ ከብቱ ቃርሚያ ላይ ነው። ወረታ ላይ ዳሰስኩ። ከወረታ ወደ ቀኝ ታጥፌ፣ በደርግ ዘመን ቻይናዎች በሠሩት መስመር፣ ዓለም በር ላይ ዳሰስኩ። ዳገቱ ጀመረ፤ አየሩ ቀዘቀዘ፤ ጣሪያ በሌላት መኪና ውስጥ የደብረ ታቦር ብርድ ጉንጭ ይቆነጥጣል። መድረሴን ያወቅሁት በእሱ ነው።

እሁድ ሙሽራዋ በእሷ ወጣች። መቁጠሪያዋ አልሠራም፤ ገመዱ ተቆርጦ ቀርቷልና። ለሙሽራ ደግሞ ፍጥነት አያስፈልጋትም።

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። አያ አሁን የሉም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪኖች ከበፊቱ ይልቅ ዕድሜያቸው እንዲረዝም ግድ ሆኗል፤ ዕድሜያቸው ደግሞ በአያን በመሳሰሉ ሰዎች መዳፍና ጣት ላይ ነው ያለው። የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን በጋፋት ስም መሰየሙን ስሰማ ደስ ብሎኛል። እዚያ ለሚያስተምሩም፣ በየፖሊቴክኒኩ ለሚያስተምሩም አንድ ልመና አለኝ፦ ከሐሙሲት እስከ ነፋስ መውጫ፣ ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን፣ ኤንትሬና ቮልስ የሠሩ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ተማሪ ላኩባቸው። የትኛው መኪና ጫና፣ የትኛው ትንፋሽ እንደሚፈልግ፣ በምን እንደሚለኩት፣ እጃቸው ምን እንደሚሰማው በአማርኛ ይጻፍ።

አንተም አንባቢ፣ አንቺም፣ የፊት ኩሽኔታ አስነክታችሁ ከጋራዥ ከወጣችሁ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ ቁሙና ከጎማው መሐል እጃችሁን አስጠጉ። እጅ ማሳረፍ ካልቻላችሁ አትቀጥሉ።